ከወናፍ እስከ ኮምፕሬሰር፦ የአባቶቻችን እጅ ያውቀው የነበረ የአየር ጥበብ



በዚህች አገር በማንኛውም ከተማ የፋብሪካ ሠፈር ያለፈ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ጎማ በሚጠገንበት፣ መኪና በሚቀባበት፣ እንጨት በሚላግበት ቤት ጥግ አንድ የብረት በርሜል ተጋድሞ፣ ሞተር በጀርባው ተሸክሞ፣ አንድ ጊዜ ያጓራል፣ አንድ ጊዜ ዝም ይላል። በዕብራይስጥ ማድሔስ፣ በጋራዥ ቋንቋ ኮምፕሬሰር ይሉታል፤ በአማርኛ የአየር መጭመቂያ ብንለው ያስኬዳል። ልጆቻችን የብስክሌታቸውን ጎማ ሊያስነፉ ሄደው አጠገቡ ይቆማሉ። ይህ ዕቃ ከአያቶቻቸው ቤት ጋር ዝምድና እንዳለው የነገራቸው ሰው ግን የለም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለማድረግ አስበናል። አንደኛው፣ የኮምፕሬሰር ክፍሎች ምን ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚሠሩ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ሥራ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች በፍየል ቆዳና በእጃቸው ይሠሩት እንደነበር ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወናፍ ምን ነበር?

በጎንደር አውራጃ ባደግንበት መንደር ቀጥቃጭ ቤት ማለት ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ የሆነ፣ ጭሱ እንደ ልቡ የሚወጣበት ጎጆ ነበር። መስፉ መሬት ውስጥ በተቀበረ ግንድ ላይ ይቀመጣል። መዶሻውና ጉጠቱ ከአጠገቡ አይጠፉም። ከምድጃው በስተኋላ ወናፉ አለ። ወናፍ የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ስለነበር እኛም ተራችን ደርሶን ነፍተናል፤ ክንድ እንዴት እንደሚዝል የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም።

ወናፍ ሁለት ስልቻ ነው። የፍየሉ ቆዳ ሆዱ ሳይቀደድ ይገፈፍና ይለፋል። በአንገቱ በኩል ጠባብ ቧንቧ ገብቶበት በጠፍር ይታሰራል። የኋላው አፍ ክፍት ይተውና በሁለቱ ከንፈሮቹ ላይ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ይሰፋሉ። ነፊው በሁለቱ ስልቾች መካከል ተቀምጦ አንዱን ሲያነሣ ጣቶቹን ይከፍታል፣ አየርም ይገባል። ስልቻው ሲሞላ ጣቶቹን ይገጥምና አፉን ዘግቶ ወደ ታች ይጫነዋል። ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሣል፣ ግራው ሲወርድ ቀኙ ይነሣል። በአንድ ስልቻ ብቻ ቢነፋ እሳቱ አንዴ ነድዶ አንዴ ይተኛ ነበር፤ በሁለት ሲሆን ግን ንፋሱ አይቋረጥም።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ምሥጢር አለው። ስልቻው ሲነሣ የነፊው ጣት ዘግይቶ ከተከፈተ፣ ቆዳው አየሩን ከኋላ በመሳብ ፈንታ ከፊት፣ ከእሳቱ በኩል ይስባል። ያን ጊዜ ፍም ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። ስለዚህ ቀጥቃጮቹ የወናፉን ቧንቧ ወደ ምድጃው ከሚገባው የሸክላ ቧንቧ ጋር አያጣብቁትም፤ ጥቂት ክፍተት ይተዉለታል። ወናፉ ቢሳሳት እንኳ ከእሳቱ ይልቅ በክፍተቱ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ይህን ማንም በጽሑፍ አላስተማራቸውም። ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ከሰል በራሱ ቢነድ ብረት ለመቀጥቀጥ አያለሰልስም። ብረት በመዶሻ እንደ ልብ እንዲታዘዝ እስከ 900 ወይም 1,000 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ መጋል አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከሰሉ ብዙ አየር ማግኘት አለበት። የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እንግዲህ አንድ ስልቻ አየር በደጋው ላይ በያፎ ወይም በአሽዶድ ካለው አንድ ስልቻ አየር የሳሳ ነው። ያንን ጉድለት የሚከፍለው የነፊው ልጅ ክንድ ነበር።

ወናፍና ስማችን

አባቶቻችን ወደዚህ ሙያ የገቡት ለምንድን ነው? ታሪክ ጸሐፊዎች ከሚሰጡት ምክንያት ዋናው የርስት ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረገ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል አዋጅ እንደወጣ በትውፊት ይነገራል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በሰሜን ተራራ ላይ የነበረውን የመጨረሻ ነፃነት አጠፋ። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፣ አለበለዚያም በእጁ ሠርቶ ይኖራል። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ ሆኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከተማ ካደረጉ በኋላ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጺዎችና ቀጥቃጮች እንደሠሩበት ይታወቃል።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ ምሳር፣ ቢላዋ፣ ሁሉም ከዚያ ከቆዳ ስልቻ ንፋስ የተወለዱ ነበሩ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ያለ ማጭድም አያጭድም። ሆኖም ማረሻውን በቀን የተቀበለው ሰው ማታ ልጆቹን «ከቀጥቃጭ ዓይን ተጠንቀቁ» ይላቸው ነበር። ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። «ጠይብ» እና «ባለ እጅ» የሚሉት ቃላት የሙያ ስም መሆናቸው ቀርቶ ስድብ ሆኑ። እሳትን በንፋስ የሚገዛ ሰው ሌላም የተሰወረ ኃይል ሳይኖረው አይቀርም ብለው አስበው ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት ክስ ነበር። በሽታ በገባ ጊዜ፣ ከብት በሞተ ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የወናፉ ቤት ነበር።

የወናፉ ቤት ግን ሕግ ነበረው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍሙ ይጠፋል፣ ስልቻዎቹም ይሰቀላሉ። ቅዳሜ ገበያ ቢውል እንኳ ከዚያ ቤት የመዶሻ ድምፅ አይሰማም። መንደራችን የሰንበትን መግባት የሚያውቀው በወናፉ ዝምታ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ዓለም የአየር ታሪክ

አየርን በመጫን ማሠራት የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አይደለም። ከዘመነ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስቶን ሠርቶ አየርንና ውሃን በግፊት አንቀሳቅሷል፤ በዚያው ጥበብ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያም ሠርቷል። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪክ ነገሩን ገልብጦ፣ አየርን ከዕቃ ውስጥ መምጠጫ ፓምፕ ሠራ። በ1662 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሮበርት ቦይል ሕጉን አወጣ። ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ የአየሩን ቦታ በግማሽ ብትቀንሱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል።

ብረት ማቅለጫዎች እየተለቁ ሲሄዱ የቆዳ ወናፍ አልበቃ አለ። እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ጆን ዊልኪንሰን በ1776 ወደ ማቅለጫው አየር የሚነፋውን ሲሊንደር በጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር አስነዳ። ከዚያ በኋላ ትልቁ ፈተና በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ባለው የአልፕስ ተራራ መጣ። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሞን ሰኒ የባቡር ዋሻ ቁፋሮ በ1857 ተጀመረ። ዋሻው ረጅም ስለሆነ የእንፋሎት ሞተር ወደ ውስጥ ቢገባ ጭሱ ሠራተኛውን ይጨርስ ነበር። መሐንዲሱ ዠርመን ሶሜዬ በወንዝ ውሃ ኃይል አየር ጨምቆ በቧንቧ ወደ ውስጥ ላከና ከ1861 ጀምሮ አለቱን በአየር መሰርሰሪያ አስቦረቦረ። መሰርሰሪያውን ያንቀሳቀሰው አየር ሲለቀቅ ለሠራተኞቹ መተንፈሻ ሆነ። ከሁለት ወገን የተነሡት ቆፋሪዎች በታኅሣሥ 1870 ተገናኙ። በ1869 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ የባቡር ፍሬን በተጨመቀ አየር እንዲሠራ አደረገ። ዛሬም ትልልቅ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች በአየር ፍሬን ይቆማሉ፤ ሲቆሙ የምንሰማው «ጽስስ» የሚል ድምፅ ከዚያው አየር ነው።

የኮምፕሬሰር ክፍሎችና የወናፉ አምሳያ

አሁን ወደ ጥጉ በርሜል እንመለስ። የምንገልጸው በጋራዥ በብዛት የሚገኘውን ባለ ፒስቶን ኮምፕሬሰር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል አየር ማስገቢያውና ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው አቧራ ወደ ውስጥ ገብቶ ብረቱን እንዳይፍቀው ይከለክላል። በወናፉ ቤት ይህ ክፍል አልነበረም፤ ልጁ አመዱን በውሃ ይረጨው ነበር።

ሁለተኛው ሲሊንደሩና ፒስቶኑ ነው። ፒስቶኑ ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ቦታ ይሰፋል፣ አየር ይገባል። ሲወጣ ቦታው ይጠብባል፣ አየሩ ይጨመቃል። በፒስቶኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች አየሩ በጎን እንዳያመልጥ ይይዙታል። ይህ ስልቻው ነው። ስልቻው በሚታጠፍበት ቦታ ሲቀደድ እንደሚጠቀም ሁሉ፣ ቀለበቶቹም ሲያልቁ ይለወጣሉ።

ሦስተኛው ቫልቮቹ ናቸው፤ የማሽኑ ልብ እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል። በሲሊንደሩ ራስ ላይ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች አሉ። አንደኛው ወደ ውስጥ ብቻ፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ ብቻ ይከፈታል። ማንም አይነካቸውም። ፒስቶኑ ሲወርድ የውጭው አየር ይበልጥና የመግቢያውን ምላስ ገፍቶ ይገባል። ሲወጣ የውስጡ ግፊት የመግቢያውን ይዘጋና የመውጫውን ይከፍታል። በወናፉ ላይ የመግቢያው ቫልቭ የልጁ ጣቶች ነበሩ። የመውጫ ቫልቭ ስላልነበረ ደግሞ አባቶቻችን ያን ጥቂት ክፍተት ይተዉ ነበር።

አራተኛው ሞተሩ፣ ቺንጊያውና ክራንኩ ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ቺንጊያው ዙረቱን ያስተላልፋል፣ ክራንኩ ከቢዬላው ጋር ሆኖ ዙረቱን ወደ መውጣትና መውረድ ይለውጠዋል። ይህ የልጁ ክንድ ነው።

አምስተኛው ማቀዝቀዣው ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ብስክሌት በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑን ጫፍ ነክቶ ያውቀዋል። በኮምፕሬሰር ውስጥ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችል በሲሊንደሩ ላይ ስስ የብረት ክንፎች ይሠራሉ፤ ሙቀቱን ወደ ውጭው አየር ይበትኑታል። በሁለት ደረጃ በሚጨምቁ ማሽኖች አየሩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሲሊንደር መካከል ይቀዘቅዛል። ወናፍ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም ነበር።

ስድስተኛው ታንኩ ነው። አባቶቻችን ያልነበራቸው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ወናፍ አየር ያልፍበታል እንጂ አያከማችም፤ ልጁ ሲያርፍ እሳቱም ያርፋል። ታንክ ግን ግፊቱን ይይዛል። 50 ሊትር የሚይዝ ታንክ መለኪያው 8 ባር ሲያሳይ፣ በውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ቢለቀቅ 450 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። በታንኩና በሲሊንደሩ መካከል ያለ አንድ ሌላ ቫልቭ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላል። ሞተሩ ሲቆም ሥራው የማይቆመው ለዚህ ነው። ታንክ ማለት የነፊው ልጅ ዕረፍት ነው።

ሰባተኛው የግፊት መቆጣጠሪያው ነው። ግፊቱ የተወሰነለት ደረጃ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ 8 ባር አካባቢ፣ ኤሌክትሪኩን ያጠፋል፤ አየሩ ተወስዶ 6 ባር አካባቢ ሲወርድ መልሶ ያበራል። ማሽኑ አንዴ የሚያጓራው አንዴ ዝም የሚለው ስለዚህ ነው። ይህ መቆጣጠሪያ ቢበላሽ የደኅንነት ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ አየሩን ያወጣል። ይህን ቫልቭ «ይጮኻል» ብሎ መዝጋት ታንኩን ቦምብ ማድረግ ነው። በወናፉ ቤት መቆጣጠሪያው የቀጥቃጩ ዓይን ነበር። የብረቱን ቀለም አይቶ «በርታ» ወይም «ይበቃል» ይላል፤ ልጁም ይታዘዛል።

ስምንተኛው በታንኩ ሥር ያለው የውሃ ማስወጫ ነው። አየር ውስጥ ሁልጊዜ እርጥበት አለ። ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። ካልወጣ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ ታንክ አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል። በሥራ መጨረሻ ውሃውን ማውጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግፊት መቀነሻው፣ ቱቦውና በጫፉ የሚገጠመው መሣሪያ ነው። አንድ ነገር ለወጣቶቻችን አደራ እንላለን፤ የተጨመቀ አየር ወደ ሰው ገላ ለጨዋታ እንኳ አይዞርም። ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳ ገብቶም ይገድላል።

አንድ ያየነው ነገር

በ1986 ገደማ ከእኛ ጋር በዘመቻ ሙሴ የመጡ አንድ አባት በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የዕንጨት ብናኝ ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። በአገራቸው ስመ ጥር ቀጥቃጭ ነበሩ። ዕብራይስጥ ገና ስላልያዙ ልጃቸው በዚያው ቤት እየሠራ ያስተረጉምላቸው ነበር። ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን «አባዬ፣ እባክዎ ቀጥቃጭ ነበርኩ አይበሉ» ብሎ ለመናቸው። እዚያ የሚሠሩ ሌሎች ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ነበሩና የድሮው ነገር እንዳይነሣ ፈርቶ ነው። አባትየውም ዝም አሉ።

አንድ ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ይግላል፣ ግፊቱ ግን አይወጣም። መካኒኩ የሳሙና ውሃ ይዞ ቱቦውን ሁሉ ፈተሸ፤ የሚያመልጥ አየር አላገኘም። እኝህ አባት መጥረጊያቸውን አስደግፈው ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ ቀረብ ብለው መዳፋቸውን በአየር ማስገቢያው ማጣሪያ ፊት ዘረጉ። «ልጄ፣ ንገረው» አሉ፣ «ይህ የሚስበውን መልሶ ይተፋዋል። አፉ አይገጥምም።» ልጁ መጀመሪያ ለመናገር አፈረ። በኋላ ተረጎመው። መካኒኩም እጁን ዘርግቶ አየሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ተሰማው። የሲሊንደሩን ራስ ሲፈታ የመግቢያው ምላስ ተሰብሮ ተገኘ።

«የት ተማረ?» ብሎ ጠየቀ መካኒኩ። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ናፓሕ ነበር» አለ፤ ቀጥቃጭ ነበር ማለቱ ነው። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልሸሸም። እኝህ አባት ከዚያ በኋላም ጠራጊ ሆነው ቀሩ፤ ደመወዛቸው አልጨመረም። ነገር ግን የማሽኑ ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ይጠሯቸው ነበር። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወናፉ ይጠይቃቸው ጀመር።

የቃሉ ምስክርነት

ልጁ የተናገረው ቃል ራሱ ታሪክ ነው። በዕብራይስጥ ወናፍ ማፑአሕ ይባላል፤ ቀጥቃጭ ናፓሕ ይባላል፤ ትርጉሙም «ነፊ» ማለት ነው። ግዕዙ ነፍኀ፣ አማርኛው ነፋ፣ ዕብራይስጡ ናፋሕ፣ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 የናስና የብረት ሠሪዎችን መጀመሪያ ያነሣል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 54፣ ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 6 የቀጥቃጩን ፍምና ወናፍ ለትምህርታቸው ምሳሌ አድርገዋል። በታልሙድ ዘመን ደግሞ በዚህችው ምድር ከኖሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ረቢ ዮሐናን «ባር ናፓኃ»፣ የቀጥቃጩ ልጅ ይባሉ ነበር፤ ረቢ ይጽሐቅም «ናፓኃ»፣ ቀጥቃጩ ይባሉ ነበር። ይህን እኛ በአገራችን ሳለን አናውቀውም ነበር፤ ታልሙድ አልደረሰንምና። እዚህ መጥተን ስናነብ ግን በአንድ አገር ለስድብ የሚያገለግለው ሙያ በሌላ ስፍራ ለሊቅ መጠሪያ ሆኖ አገኘነው።

በ1984 እና በ1985 በሱዳን በረሃ በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነን ስንመጣ፣ ወናፉን ትተነው መጣን። መተዉ ትክክል ነበር፤ ሕይወት ይበልጣልና። ዕውቀቱ ግን በሽማግሌዎቹ እጅ ውስጥ አብሮን መጥቷል። እነርሱ በየዓመቱ እያነሱ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወናፍ የነፋ አባት ወይም አያት ካለ፣ ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጥ። ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ እንጨቱ ከምን ዛፍ እንደሆነ፣ ክፍተቱ ስንት ጣት እንደሚሰፋ ጠይቀህ ጻፍ ወይም ድምፃቸውን ቅዳ። ከቻላችሁም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጋራዥ ይዛችኋቸው ሂዱና ኮምፕሬሰሩ ፊት አቁሟቸው። እጃቸውን ዘርግተው የሚነግሯችሁ ነገር ይኖራል።